ሳምንቷ ሲደርስ የሚመጣ አምሮት

የወር አበባዋ ሊመጣ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ሥጋ በዳጣ የሚያምራት የወላይታ ሶዶ ልጅና በዚያው ሰሞን ቸኮሌት ካላገኘሁ የምትል የኒውዮርክ ልጅ ሰውነታቸው የሚነግራቸው ነገር አንድ ነው። ልዩነቱ ያደጉበት ማዕድ ላይ ነው። ይህን በቅጡ የተረዳች ሴት ያን ሰሞን ከራሷ ጋር አትጣላም፤ «ሆዳም ሆንኩ» ብላም አታፍርም። ስለዚህ አምሮት የሚሰጠው አብዛኛው ምክር ግን ከሌላ ሰው ጓዳ የመጣ ነው። «ዳቦና ፓስታ ቀንሺ፣ አንድ ቁራጭ ጥቁር ቸኮሌት ብዪ፣ አልሞንድ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር» ይላል። በቆጮ፣ በስኳር ድንች፣ በጎደሬና በበቆሎ ለምትኖር የወላይታ ሴት ከዚህ ምክር ግማሹ ገበያ ላይ የለም፤ ግማሹ ደግሞ ተገልብጦ መነበብ አለበት። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ከሰውነት እንጀምር። የዑደቱ አንደኛ ቀን የሚባለው ደም የታየበት ቀን ነው። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ወር አበባ በአማካይ 28 ቀን ይቆጠራል፤ 25ም ሆነ 34 ቢሆን ግን ጤነኛ ነው። እንቁላል የምትለቀቀው ቀጣዩ ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ባሉት ቀናት ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን እየጨመረ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ጋብ ያደርጋል። እንቁላሏ ከተለቀቀች በኋላ ፕሮጄስትሮን ይነሣል፤ የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ የምግብ ፍላጎትም ይከፈታል። ፅንስ ካልተፈጠረ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁለቱም ሆርሞኖች አብረው ያሽቆለቁላሉ፤ ደሙን የሚያመጣውም ይኸው ማሽቆልቆል ነው። ንጭንጩ፣ የጡት መወጠሩ፣ የሆድ መነፋቱ፣ የእንቅልፍ መበጥበጡና አምሮቱ የሚበረቱት በእነዚህ ቀናት ነው።

ታዲያ አምሮቱ በምግብ ሲለካ ስንት ነው? ከሚፈራው በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ሴቶች በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ ከመጀመሪያው ይልቅ በቀን በአማካይ 170 ካሎሪ ገደማ ጨምረው ይበላሉ። አንድ ጠና ያለ የተቀቀለ ስኳር ድንች ማለት ነው። ከሴት ሴት፣ ለአንዲትም ሴት ከወር ወር ይለያያል፤ መካከለኛው ልክ ግን ይህን ያህል ነው። ሰውነትም በዚያ ሰሞን ትንሽ አብዝቶ ያቃጥላል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት አንድ ስኳር ድንች የጨመረች ሴት ምንም ጥፋት የለባትም። ሚዛን ላይ ወጥታ «ጨመርኩ» ብላ ብትደነግጥም አብዛኛው ሰውነቷ የያዘው ውሃ ነው፤ ወር አበባው በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል።

ጉዳዩ ያ ጭማሪ በምን መልክ ይገባል የሚለው ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ስምንት ነው። ጁስ ቤት ገብታችሁ የአቮካዶ ጁስ ስታዙ አቮካዶው ራሱ ጥሩ ምግብ ሆኖ ሳለ በላዩ የሚፈሰው ስኳር ከለስላሳው አይተናነስም። «ስኳር አይጨመርበት» ብሎ ማዘዝ ዋጋውን አይለውጠውም፤ የሚጨምሩበት ሎሚ ይበቃዋል። ለስላሳና ከረሜላ የሚያመጡት ችግር ማንም ሴት በራሷ ላይ ልታየው የምትችለው ነው። ስኳሩ ደም ውስጥ ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖም ይወርዳል፤ ረሃቡን ግን አልነካውም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያምራል፤ አሁን ደግሞ በብስጭት ታጅቦ።

ለምን ጣፋጭና ዳቦ ነገር ይበልጥ ያምራል ለሚለው የሚጠቀሰው ማብራሪያ ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣ ነው። ጁዲት ወርትማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ ከወር አበባ በፊት የሚከፋቸው ሴቶች በካርቦሃይድሬት የበለጸገ ማዕድ ሲበሉ ስሜታቸው እንደሚሻሻል አሳዩ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው። ስኳርና ስታርች ስንበላ ኢንሱሊን ይወጣል፤ ኢንሱሊኑ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ወደ ጡንቻ ሲያስገባ ትሪፕቶፋን የተባለው ብቻውን ይቀርና ወደ አንጎል ለመግባት መንገዱ ይከፈትለታል። አንጎል ከትሪፕቶፋን ሴሮቶኒን ይሠራል፤ ሴሮቶኒን ደግሞ ስሜትን የሚያረጋጋ ነው። የሆርሞኖቹ ማሽቆልቆል ሴሮቶኒንንም ስለሚነካው፣ ያቺ ሴት ዳቦ የምትፈልገው ራሷን በራሷ እያከመች ነው ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። ጥቂት ፕሮቲን እንኳ ማዕዱ ላይ ከተጨመረ ይህ መንገድ እንደሚዘጋ፣ የእውነተኛ ሰው ማዕድ ደግሞ ንጹሕ ስታርች ብቻ እንደማይሆን ይከራከራሉ። እኔ ከሐሳቡ የምይዘው አንድ ነገር ነው፤ ያን ሰሞን የሚመጣው የጣፋጭ ፍላጎት ከስሜት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቁጣና በራስ ወቀሳ ደግሞ ይብሳል እንጂ አይበርድም።

ሁለተኛው ምክንያት ባህል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከወር አበባ በፊት ቸኮሌት ማማሩ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል። የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲዋ ጁሊያ ሆርምስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ግን፣ እዚያው አሜሪካ ከሚኖሩ ሴቶች መካከል ውጭ አገር የተወለዱት «በወር አበባ ሰሞን ቸኮሌት ያምረኛል» ያሉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከስደተኛ ወላጆች እዚያው የተወለዱት ወደ 41 በመቶ፣ ወላጆቻቸውም እዚያው የተወለዱት 33 በመቶ ገደማ ሆኑ። ሆርሞኑ አንድ ሆኖ ቸኮሌቱ ከትውልድ ጋር ይመጣል ማለት ነው። የግብፅና የአሜሪካ ወጣቶች በተነጻጸሩበት ሌላ ጥናት ግብፃውያቱ ሴቶች ከጣፋጭ ይልቅ የበሰለ፣ ጨው ያለው ምግብ እንደሚያምራቸው ተናገሩ። የጃፓን ሴቶች የሚያምራቸውን ሲጠየቁ ደግሞ ሩዝ ቀዳሚ ሆነ።

እንግዲህ የሶዶ ልጅ ዳጣ፣ የቅቤ ሽታ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ትኩስ ቆጮ ቢያምራት የሚገርም አይደለም። በወላይታ ደስታ የሚባለው ነገር ሁሉ በእነዚህ ምግቦች የታጀበ ነው። በመስከረም የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲመጣ በሬ የሚታረደው፣ ቡላው በቅቤ የሚገነፋው፣ ቤተዘመድ በአንድ ቅጠል ዙሪያ የሚሰበሰበው ልጅቷ በሕይወቷ በምታስታውሳቸው መልካም ቀናት ነው። ሆድ የባሳት ቀን አንጎሏ ወደዚያ ቢመልሳት ትክክለኛ ስሌት ነው።

«ሰውነት የጎደለውን ራሱ ያውቃል፤ ያማረሽ ያነሰሽ ነው» የሚል አባባል አለ። ማራኪ ነው፤ በአብዛኛው ግን አያስኬድም። ቸኮሌት የሚያምረው ማግኒዥየም ስላነሰ ነው ይባላል፤ ማግኒዥየም ግን በቦሎቄና በጎመንም ሞልቷል፤ «ቦሎቄ አማረኝ» ብላ ሌሊት የምትነሣ ሴት አልሰማሁም። አምሮት የላቦራቶሪ ወረቀት አይደለም። ከዚህ የሚወጣ አንድ ትልቅ የተለየ ሁኔታ አለ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ወላይታ ማዕድ። ዞኑ በሕዝብ ብዛት ከታጨቁ የአገሪቱ ገጠሮች አንዱ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ መሬት ብዙ ጊዜ ከጓሮ አይሰፋም። በዚያች ጓሮ ቀድሞ የሚታየው እንሰት ነው፤ ከሥሩ ጎደሬ፣ ራቅ ብሎ ስኳር ድንች፣ ቦዬ፣ በቆሎ፣ በመካከላቸው የቡና እግሮች። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል «ቦሎሶ አንድ» ብሎ ያወጣው የጎደሬ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዞን ወረዳ ነው። ማዕዱ ግን ዝርዝሩን ስታዩት አብዛኛው ስታርች ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ በካልሲየምም አይታማም፤ ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም ከአንድ ግራም ብዙ አይዘልም። ስኳር ድንችና ጎደሬም በዚህ በኩል ከእሱ አይርቁም። ለዚህ ነው «ካርቦሃይድሬት ቀንሺ» የሚለው የውጭ ምክር እዚህ ተገልብጦ መነበብ ያለበት። የሎስ አንጀለስ ሴት ማዕዷ ላይ ሥጋው ሞልቶ ዳቦው ይቀነስላት ይሆናል። የቦዲቲ ወይም የሁምቦ ሴት ሥሩ ሞልቶላት የጎደላት ከጎኑ የሚቀመጠው ነው። ለእሷ የሚሠራው ምክር «ጨምሪ» የሚል ነው፤ ከቆጮው ጎን ቦሎቄ፣ ከስኳር ድንቹ ጎን እንቁላል ወይም አይብ፣ ከበቆሎው ጎን ጎመንና ለውዝ። ፕሮቲንና ቃጫ ያለበት ማዕድ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ የደም ስኳርን ሽቅብ ቁልቁል አያስኬድም።

ይህ ጭማሪ ይበልጥ የሚሠራው ደግሞ ጠዋት ከሆነ ነው። የአምሮትን ሰዓት ሴቶችን ብትጠይቁ ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ማታ ነው። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁርሳቸውን ብትጠይቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡና ነው፤ ከቡናው ጋር አንድ እፍኝ ቆሎ። ቀኑን በሁለት ስኒ ቡና ያሳለፈ ሆድ፣ ሆርሞኑ ባይኖርም ማታ ላይ ያጉረመርም ነበር። ሆርሞኑ ሲደመርበት አንዲት ልጅ የፓስቲ ሻጯ ፊት ቆማ አራተኛዋን ስትበላ ራሷን ታገኛለች፤ ከዚያ «ነገ ቁርስ አልበላም» ብላ ትቀጣለች። ነገ ማታም ያው ይደገማል። ክብ ነው፤ የሚሰበረውም ቁርስ ላይ ነው።

ቁርሱ ይህን ሊመስል ይችላል። ማታ የተቀቀለ ስኳር ድንች እስከ ልጣጩ ይቀመጣል፤ ጠዋት ከልጣጩ ወጥቶ በወፍራሙ ይቆረጣል። ሁለት ጭልፋ ማታ የተረፈ ቦሎቄ በትንሽ ዘይትና ሽንኩርት ይሞቃል። ዳጣው ካለ ይወጣል፤ ከሌለ በወፍጮ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል ረጠብ ብሎ እስኪላም ይፈጫል፤ ጨው በመጨረሻ፣ በመጠኑ። ዳጣው ያልበሰለ በመሆኑ የቃሪያው ቫይታሚን ሲ አይጠፋም፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ ቦሎቄው ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ዳጣ ለጣዕም ብቻ የመጣ ለሚመስለው ሰው ይህ ሊገርመው ይገባል። ጨጓራ ያለባት ግን ታሳንሰው፤ ያን ሰሞን ጨጓራም ሊነሣባት ይችላል።

ጣፋጭ ካማራት በማዕዱ ላይ ይደረብ፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች ራሱ። ከምግብ በኋላ የተበላ ጣፋጭ በባዶ ሆድ እንደተበላው አያንገላታም። ከረሜላውም ቢሆን ከበላችው በኋላ ወንጀል የሠራች አትምሰል። ለራስ ጨርሶ የተከለከለ ምግብ ይበልጥ እንደሚያምር በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ችግር ሌላ ነው። የምትበላውን የምትመርጠው እሷ አይደለችም፤ ካፌ የቀረበውን ትበላለች፣ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ እስከሚቀጥለው ትጠብቃለች። በብዙ ግቢዎች ቁርስ ዳቦና ሻይ ነው፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲያጠኑ ክፍት የሚገኘው የላውንጁ ብስኩት ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው የድሮው ስንቅ ነው። ከቤት የሚላከው የሽምብራና የገብስ ቆሎ፣ ለውዝ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ከብስኩቱ በሁሉም ነገር ይበልጣል። በሶም በዶርም ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይበላሽ ይከርማል። ማታ ማታ በየመንገዱ በሚጥሚጣ የሚሸጠው የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ ስድስት ግራም ፕሮቲን ይዟል። ቤተሰብ ብር ለመላክ ሲያስብ ቆሎውንም ያስብበት።

የሚያስቸግረው ሳምንት መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ከምግቡ ባልተናነሰ ይጠቅማል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀላል ነው፤ ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ወር አበባዋ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ ይመጣል፤ ጥቅምት 20 ከመጣ ኅዳር 18፣ ታኅሣሥ 16፣ ጥር 14። ዑደቷ 30 ቀን የሆነች ደግሞ በዚያው ቀን ትጠብቀዋለች። ጳጉሜን ስትገባ ብቻ ቀናቷን መቁጠር አይረሳ። ከተጠበቀው ቀን ሰባት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ በቀን መቁጠሪያው ላይ ማስመር ነው፤ ቦሎቄው የሚነከረው፣ እንቁላሉ የሚገዛው፣ ከባድ ጠብ ያለበት የቤተዘመድ ወሬም የሚዘገየው በዚያ መስመር ነው። ሁለትና ሦስት ወር ስሜትንና አምሮትን አብሮ መመዝገብ ሌላም ነገር ያሳያል። አምሮቱ ወር አበባው በመጣ በሁለት ሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ የተነጋገርንበት ነው። ወሩን ሙሉ የሚኖር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የምግብ እጥረት፣ ድብርት፣ ወይም በተከታታይ የሚያስርብና የሚያስጠማ ከሆነ ስኳር ሊሆን ይችላል። ወር አበባው ቀርቶ አምሮቱ ከቀጠለ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ይቅደም።

የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት በዚህ አቆጣጠር አትድከም። መርፌው እንቁላል እንዳትለቀቅ ስለሚያደርግ በየወሩ የሚመላለሰው የአምሮት ማዕበል ይበርዳል፤ በአንጻሩ አንዳንዶችን በጠቅላላው የምግብ ፍላጎታቸውን ይከፍትባቸዋል። የስኳር ሕመም ያለባት ደግሞ ወር አበባ ሊመጣ ሲል ስኳሯ ከፍ ሊል እንደሚችል ትወቅ፤ በዚያ ሳምንት መለኪያው አይራቅ።

በመድኃኒት ቤት ከሚሸጡት ነገሮች ጥሩ ማስረጃ ያለው ካልሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 466 ሴቶች ተሳትፈው፣ በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም የወሰዱት በሦስተኛው ዑደት ሕመማቸው በ48 በመቶ ሲቀንስ፣ ባዶውን ክኒን የወሰዱት በ30 በመቶ ቀነሰላቸው። የምግብ አምሮትም ከተሻሻሉት አንዱ ነበር። የባዶው ክኒን 30 በመቶም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ሰው ሲሰማትና ሲከታተላት ራሱ ያግዛል። ከምግብ ካልሲየም ለማግኘት ወተት፣ እርጎ፣ አሬራ፣ ጎመንና ጤፍ አሉ። አይብ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙ ግን ከፊሉ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ አጓቱን ለጥጃ ብቻ የምትሰጡ ይህን አስቡበት። የጾም ወራት ለኦርቶዶክስ እኅቶች ወተቱን፣ እርጎውን፣ አሬራውንና አይቡን ከማዕድ ያነሣሉ፤ ያኔ ሽሮው፣ ቦሎቄው፣ ለውዙ፣ ተልባና ሱፉ ሥራውን ይይዛሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጾም ከደም ማነስ ጋር ከተገጣጠመ ግን ለንስሐ አባት መንገር ያባት ነው።

ስለ ቡና አንድ ቃል። «ከወር አበባ በፊት ቡና ተዪ» የሚለው ምክር የተለመደ ቢሆንም፣ በአሜሪካ በነርሶች ላይ የተሠራ ትልቅ ክትትል ቡና መጠጣት ከቅድመ ወር አበባ ሕመም ጋር የሚያያዝበትን አላገኘም። በወላይታ ቡና መተው ማለት ደግሞ ከጎረቤት መለየት ነው። ቡናውን አትተዉት፤ ሰዓቱን አስተካክሉት። ቡናም ሻይም፣ በቅመም የሚፈላው የቡና ቅጠልም፣ ከምግብ ጋር አብረው ሲጠጡ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ጉዳቱ ይቀላል። የማታው ስኒ ደግሞ እንቅልፍን ይነካል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ አብዝቶ ይበላል።

አምሮቱ በመጣበት ሰዓት ምግብ ካልቀረበ መራመድ ይረዳል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 15 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የቸኮሌት አምሮትን እንደሚያበርድ አሳይተዋል። ዳሞታ ተራራ ሥር በተቀመጠችው ሶዶ 15 ደቂቃ የተራመደ ሰው ዳገት አያጣም።

ይህ ሁሉ ለብዙዎቹ ነው። ለጥቂቶች አይበቃም። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 37 በመቶዎቹ የቅድመ ወር አበባ ሕመምን መስፈርት እንደሚያሟሉ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱን ጥናቶች ያጠቃለለ ሌላ ሥራ ወደ 53 በመቶ አድርሶታል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹን እጅግ የከፋው ዓይነት ይይዛቸዋል፤ በየወሩ ለሳምንት ያህል ተስፋ መቁረጥ፣ መቆጣጠር የማይቻል ቁጣ፣ ሲከፋም መሞትን መመኘት። ይህ በቦሎቄ አይታከምም። ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ለዚህ ይሠራሉ፤ አንዳንዴም በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ተወስደው። በሶዶ ኦቶና እየተባለ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፤ በቀበሌ ደረጃ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወዴት እንደሚኬድ ትናገራለች። የመዘገባችሁትን ቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ለሐኪሙ ይናገራል።

ቀደም ብዬ የተለየ ሁኔታ ያልኩት የአፈር አምሮት ነው። አንዲት ሴት የዝናብ አፈር ሽታ፣ የግድግዳ ጭቃ፣ ከሰል ወይም በረዶ ከመጠን በላይ ቢያምራት ይህ የሆርሞን ጨዋታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ታጣለች፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ብረት አለ። የሚያጥለቀልቃት ደግሞ እጥፉን ታጣለች። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። አፈር ያማራት፣ ዳገት ስትወጣ የሚያለከልካት፣ የዓይኗ ውስጠኛ ቆዳ የነጣ ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ታስለካ።

ሥጋ ላማራት ደግሞ መልሱ «ብዪ» ነው፤ ግን የበሰለውን። ጥሬው ከበሰለው የበለጠ ደም ይተካል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ብረቱ ጥብስ ላይ አይጠፋም፤ ኮሶው ግን ይሞታል። ወር አበባዋ የዘገየ ሴት በተለይ እስክትመረመር ከጥሬ ትራቅ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በሶዶ ሥጋ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ብትገቡ ቢላዋ ይዘው የተቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ደሙ በየወሩ የሚፈሰው ደግሞ ከቤት ከቀሩት ነው። አንዲት ልጅ ሥጋ አማረኝ ስትል በሆዳምነት ትታማለች፤ ወንድሟ ሲል ጀግና ነው። አባወራዎች፣ ሥጋ ቤት ስትገቡ ግማሽ ኪሎ አስጠቅልላችሁ ውጡ፤ ቤት ደርሶ ይጠበስ፤ ሳህኑም መጀመሪያ ለሴቶች ልጆቻችሁ ይቅረብ።